የኔ መርፌ እማዬ ናት

ዲላ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.

እህቴ ዘነቡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ኃይለኢየሱስስ ደህና ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባሌ ከፈለኝ ደህና ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ቶሎ መልስ ባለመጻፌ እንዳትቀየሚኝ። ክረምቱ መንገዱን አበላሽቶት ሾፌሩ በዛብህ አውቶቡሱን ጭቃ ይዞበት ሰንብቷል። ደብዳቤሽን እስኪሰጠኝ ድረስ የረሳሽኝ መስሎኝ ነበር።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ። ማን እንደነገረሽ አላጣሁትም፤ እናታችን አፏ አያርፍም። ሦስተኛዬ ነው፣ የኅዳር መጨረሻ ይመስለኛል። እንግዲህ አንቺ በኅዳር መጀመሪያ፣ እኔ በመጨረሻው ልንወልድ ነው። ያንቺ የመጀመሪያ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ስንት ዓመት ማርያምን ስንለምንልሽ ኖረናል።

ስለ መርፌው የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። ፈረንጁ ሐኪም፣ ምጡ ሲበረታ መርፌ ይወጋሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ ሕመሙም ይርቅልሻል ያለሽን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ምጥ እንደ ጥርስ ሕመም መድኃኒት ይገዛለት ጀመር ማለት ነው?

«ምን ትመክሪኛለሽ» ካልሽኝ የማውቀውን ልንገርሽ። የመጀመሪያዬን ስወልድ እማዬ ጸጉሬንም መቀነቴንም ፈታችልኝና ከኋላዬ ተቀምጣ ወገቤን በሁለት እጇ ያዘችው። ጮኬአለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ልጄ መሬት ወድቆ ሲያለቅስ የመጀመሪያውን ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ። አንቺ አንቀላፍተሽ ልትሰሚው ነው? ወይስ ስትነቂ ይነግሩሻል? ስቃዩ ያልፋል፣ ይረሳል። ያን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አዲስ አበባ ሁሉ ነገር ስላለ ሁሉን መውሰድ አለብሽ ማለት አይደለም።

ስለ ሌላው ነገር በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እማዬ በሽልም ያውጣሽ ብላሻለች።

እህትሽ የሺሃረግ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለምክርሽ አመሰግናለሁ። ከፊሉ ምክር፣ ከፊሉ ቁጣ ነው፤ እኔ ግን ቁጣሽንም ስለናፈቅኩት ደጋግሜ አነበብኩት።

መርፌውን የምፈልገው አዲስ አበባ ስላለ አይደለም። ስለምፈራ ነው። ሐኪሙ፣ ስቃይ መታገሥ ጽድቅ አይደለም፣ እናት ስትረጋጋ ልጁም ይረጋጋል አለኝ። ደግሞ አልደበቀኝም፣ መርፌው አንዳንዴ ሕፃኑንም ያፈዘዋል አለ። ኃይለኢየሱስ ያንቺን ፈቃድ ነው የምከተለው ብሎ አልጋው ላይ ጋዜጣውን ያነባል። የማማክረው ሰው የለኝም። ለዚህ ነው አንቺን የጠየቅኩሽ።

እና ስለ ሌላው ነገር በሌላ ጊዜ ያልሽው ምንድን ነው? እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም፤ አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት። እማዬ ለወሊዴ ትመጣለች ወይ? የመጀመሪያ ልጅ በእናት እጅ እንደሚወለድ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ እዚያ እንዳልመጣ በዚህ ሆድ ያን መንገድ አትሞክሪው ብለውኛል። ስለዚህ እሷ ትምጣልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ። ለትምህርት ብላችሁ ከአክስታችን ጋር ወደዚህ ስትልኩኝ ገና ሕፃን ነበርኩ። አንቺ ግን እስክታገቢ ድረስ ከእማዬ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝተሻል። ያገባሽውም ከቤቷ አጠገብ ነው። ስትወልጂ ከኋላሽ ሆና ወገብሽን መያዟን ስትጽፊልኝ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ እናቴ ወገቤን ቀርቶ እጄን የያዘችኝን ጊዜ አላስታውስም። ቅናት ነው ካልሽኝ አዎ፣ ቅናት ነው።

ለእማዬ ይህን አንብቢላት።

ታናሽሽ ዘነቡ

ዲላ፣ መስከረም 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ዘነቡ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ለእማዬ ምሕረቱን ይላክላትና ጉልበቷ ብሶባታል። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጣ መሄድ አትችልም። እሷም አልችልም ብላለች።

ቅናት ነው ማለትሽ ደስ አለኝ። እኔ ብቻ የምቀና ይመስለኝ ነበር። አንቺ ከአክስታችን ጋር ስትሄጂ እኔ ውኃ ቀድቼ፣ ቡና ለቅሜ፣ ከእማዬ ጋር ጭስ ውስጥ ኖርኩ። አንድ መደብ ላይ ተኛሽ ትዪኛለሽ፤ ያ መደብ ቁንጫ እንደነበረው ግን ረስተሽዋል። አንቺ ተማርሽ፣ ባለ ቢሮ አገባሽ፣ በምንጣፍ ላይ ትሄጃለሽ፣ አሁን ደግሞ ሳያምሽ ልትወልጂ ነው። ይህን ሁሉ አግኝተሽ የኔን አንዷን እናት መፈለግሽ እንዴት ሆኖ ነው?

እስካሁን ያልጻፍኩልሽን ልጻፍልሽ። ሁለተኛዋን ስወልድ ልሞት ነበር። ልጅቷ ተጋድማ አልወጣ አለች፣ ደም አላቆም አለኝ። ሴቶቹ ማርያም ማርያም ማለታቸውን ትተው ማልቀስ ጀምረው ነበር። ከአጠገቤ ያልተነሳችው እማዬ ናት። በጆሮዬ «እኔ ይዤሻለሁ፣ የትም አትሄጂም» ትለኝ ነበር። ሌላ ያዳነኝ ነገር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ገፋ ባለ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ልጆቹን ባየሁ ቁጥር ያለ እናት የሚቀሩ ይመስለኛል። ይህን ለከፈለኝም አልነገርኩትም።

አንቺ ስትፈሪ መርፌ አለሽ። የኔ መርፌ እማዬ ናት። እሷን ተዪልኝ።

የሺሃረግ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 27 ቀን 1965 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ስለ ሁለተኛዋ ወሊድ የጻፍሽውን አንብቤ አልቅሻለሁ። ያኔ ለእኔ የደረሰኝ ወሬ «የሺ ሴት ወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» የሚል ብቻ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የዲላ ወሬ ለእኔ ታጥቦ ነው የሚደርሰኝ። ባለማወቄ ይቅርታሽን።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማዬ ጉልበቷ አልቻለም ብለሽኝ ነበር። በዛብህ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ይርጋጨፌ ገበያ በእግሯ ስትዞር፣ በመጨረሻም ቅቤ በእጇ ይዛ ወደ ዲላ በሱ አውቶቡስ ስትመለስ አይቻታለሁ ይለኛል። «እማማ አሰገደች ከኔ በላይ ትሮጣለች» ነው ያለኝ።

ደብዳቤዬን ስታነቢላት ዘለልሽው አይደል? እንድትመጣ የለመንኩበትን ቦታ አለፍሽው። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ያንቺ አፍ የሷ ዓይን ነው፤ አንቺ የዘለልሽውን እሷ በምን ታውቃለች? አልፈረድኩብሽም፣ በቦታሽ ብሆን እኔም ሳላደርገው አልቀርም ነበር። ነገር ግን ከእንግዲህ ለእማዬ የምለውን በወረቀት አልልክም። በዛብህ በአፉ ይነግራታል።

ጋሼ ከፈለኝን ሰላም በዪልኝ።

ዘነቡ

ዲላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘነቡ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። በትናንቱ ቀን ለእማዬ ምሳ ይዤ ብሄድ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን ለጎረቤቷ ለሀጅራ ሰጥታት ሄዳለች። ሀጅራ ዓይኔን ማየት አቅቷት «በዛብህ ጠዋት ሻንጣዋን ሲጭንላት አየሁ፣ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው» አለች። እኔ እናቴ መሄዷን ከጎረቤት ነው የሰማሁት። በዚህ ሆድ ያንን ምሳ መልሼ ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ የገበያው ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

አዎ፣ ዘልዬዋለሁ። የዘለልኩት ያንን ብቻ አይደለም፤ ሰላምታሽንም አሳጥሬዋለሁ። ስምሽን በሰማች ቁጥር ፊቷ ሲበራ ማየት እያንገበገበኝ ነው። እኔ በየቀኑ ምሳ እያደረስኩላት ፊቷ አይበራም፤ አንቺ ግን በዓመት አንድ ሽቶ ልከሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ታሸታዋለች። እንግዲህ ይኸው ነው።

ከፈለኝ ጨለለቅቱ ወርዶ አዲሱ ቡና ማጠቢያ ላይ ነው። የቡናው ወራት እስኪያልፍ አይመለስም። ከሀጅራ በቀር ማንም የለኝም፤ እሷም ብትሆን ደም ስታይ ትወድቃለች።

አሁን ሁለቱም አለሽ፣ መርፌውም እማዬም። ከሁለት አንዱን እንኳ ለእኔ ማስቀረት አልቻልሽም። ብርታቱን ይስጥሽ እላለሁ፣ የምለው ግን በአፌ ነው፤ ልቤን ገና አላሳመንኩትም።

የመርፌውን ስም ሐኪምሽን ጠይቂና ጻፊልኝ። ለራሴ አይደለም፣ ሀጅራ ጠይቂልኝ ስላለችኝ ነው።

እህትሽ ብዬ እንድፈርም ዛሬ እጄ አልታዘዘልኝም።

የሺሃረግ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 10 ቀን 1965 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ማርያም ማረችኝ። ሴት ናት። እማዬ አንቺን ትመስላለች ትላለች፣ እኔ ደግሞ አትመስልም እላለሁ።

እንዴት እንደወለድኩ አሁን አልጽፍልሽም። ስትወልጂና ስትጠነክሪ እነግርሻለሁ። ያን ጊዜ ልትስቂብኝ መብትሽ ነው።

እማዬን በመውሰዴ ይቅርታ ልልሽ ፈልጌ ብዙ ጊዜ ብዕር አነሳሁ፣ አቃተኝ። ካልዋሸሁ በቀር ይቅርታ ልጠይቅሽ አልችልም፤ ቢደገም እደግመዋለሁ። ግን እንድታውቂው የምፈልገው ነገር አለ። እዚህ ሆና የምታወራው ስላንቺ ነው። «የሺ እንዲህ አትቀምምም፣ የሺ ልጅ እንዲህ አትይዝም፣ የሺ ምን ሆና ይሆን።» ገንፎውን አጉርሳኝ ስትጨርስ «ብዪ የሺዬ፣ ተኚ» አለችኝ። ስሜን መሳሳቷን እንኳ አላወቀችውም። እኔም አላረምኳትም። እናቴን ይህን ያህል መንገድ አስመጥቼ እንኳ የመጣችው ወዳንቺ ይመስላል።

መርፌው ፔቲዲን ይባላል። ለሀጅራ ንገሪያት። ሀጅራ ብትፈልገው ይርጋዓለም የሚሲዮን ሐኪም ቤት እንደሚገኝ ሐኪሙ ነግሮኛል። ሀጅራ ደም ፈስሷት የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ መውለድ የለባትም ብሏል። አጥብቀሽ ንገሪያት፣ እለምንሻለሁ።

ዘነቡ

ዲላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ዘነቡ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ዘግይቼ ነው የምልሽ፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትረጂኛለሽ።

ወንድ ነው። እኔም አለሁ።

ምጡ የመጣው ቀድሞ ነው። ሀጅራ ፈራች፣ ሴቶች ልጥራ አለች፤ እኔ ግን የባለፈው ደም ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና ቤት ውስጥስ አልወልድም አልኩ። እግዜር ሲለው ያን ዕለት ሙሉካ የከፈለኝን ቡና በጭነት መኪናው ከወርቃ መንደር ጭኖ በር ላይ ደረሰ። ሙሉካን ታውቂዋለሽ፣ ያ የአገሬው ቡና ነጋዴ ጴንጤ። ጭነቱን ሳያወርድ ከጋቢናው አስገባኝና ይርጋዓለም ድረስ ነዳው። መሪውን እንደያዘ በራሱ ቋንቋ «ማገኖ፣ ማገኖ» እያለ ወደ አምላኩ ይጸልያል፣ እኔ በወዲህ ማርያምን እጠራለሁ። የማንኛችን እንደተሰማ አላውቅም፣ ደረስን።

ምጡ በበረታ ጊዜ ነርሷ መርፌ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። ስንት ስሰድበው የከረምኩትን መርፌ አንድ ጊዜ እንኳ አስቢበት ሳትለኝ አዎ አልኳት። ታፋዬ ላይ ወጋችኝ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ከግድግዳው ወዲያ ያለች ሌላ ሴት የምታምጥ መሰለኝ፤ አይዞሽ፣ ደርሰሻል ልላት ፈልጌ ነበር። ደሙ ሲመጣም እነሱ አቆሙት። የልጄን የመጀመሪያ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ስነቃ ታጥቦ ተጠቅልሎ አሳዩኝ። ይኸው አሁንም ሲያለቅስ ያ የመጀመሪያው እንዴት ነበር እያልኩ አዳምጠዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ነገ ብትጠይቀኝ ውጊኝ ነው የምላት። ሁለቱንም እውነት ንገሪኝ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ነርሷ ምን አለችኝ መሰለሽ። በእንቅልፍ ልቤ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገምኩ ስል ነበር አሉ፤ «ዘነቡ እናቴን መልሽልኝ።» ዘነቡ ማናት፣ እናትሽንስ ምን አደረገቻት ብላ ስትጠይቀኝ ከኀፍረቴ የተነሳ ጎረቤቴ ናት አልኳት።

እንግዲህ ተካካስን፤ አንቺም በመርፌ፣ እኔም በመርፌ። ልዩነቱ አንቺ ስትነቂ እማዬ አጠገብሽ ነበረች። እኔ ስነቃ የነበረው ሙሉካ ነው፤ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ከበሩ ሥር ተቀምጧል። ቀናሁብሽ፣ ዛሬም እየቀናሁ ነው የምጽፍልሽ።

ለእማዬ ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት መርፌዋን ዝለያት። ታዝንብኛለች።

እህትሽ የሺሃረግ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

አልዘለልኩትም። አንዲት ቃል ሳላስቀር አነበብኩላት። ለምን እንደሆነ ስነግርሽ ይገባሻል።

እኔ መርፌ አልተወጋሁም። ምጡ የጀመረኝ ጠዋት ነው። ኃይለኢየሱስ መኪና ይዞ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲል እማዬ ሆዴን ዳሰሰችና «ገና ነሽ» አለች። ቆይቼ አሁንስ ስላት «ገና ነሽ»። ወገቤ ሊቆረጥ ሲደርስም «የመጀመሪያ ነው፣ ገና ነሽ» ብላ ባሌን «እስከዚያ ሂድና ከማርያም ጠበል ይዘህልኝ ና» ብላ ሰደደችው። እሱ ምን ያውቃል፣ ሄደ። ጠበሉን ይዞ ሲመለስ ልጁን ተወልዳ አገኛት።

መሬት ላይ ነው የወለድኩት፣ ካንቺ እኩል። ይረሳል ያልሽኝ ስቃይ እስከ ዛሬ አልተረሳኝም፤ ዋሽተሽኛል። ግን እማዬ ከኋላዬ ተቀምጣ ወገቤን በሁለት እጇ ስትይዘኝ፣ በጆሮዬም «እኔ ይዤሻለሁ» ስትለኝ፣ አንቺ ስትጽፊልኝ ወረቀቱን አስቀምጬ የወጣሁበት ነገር ይህ ነው አልኩ። የልጄንም ድምፅ ሰምቻለሁ። ይህን የማወራልሽ ላስቀናሽ መሆኑን አልደብቅሽም።

በኋላ ስጠነክር እማዬን ያዝኳት። አውቀሽ ነው አይደል፣ ደርሼ ሳለ ገና ነሽ ያልሽኝ? አልኳት። ተናደድኩ፣ ልጄ ብትሞትስ ኖሮ ብዬ ጮህኩባት። መጀመሪያ አላወቅኩም አለች። ቀጥላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ «አንቺን አክስትሽ አሳደገችብኝ፣ ትምህርት ቤት ወሰደብኝ፣ ባልሽ ወሰደብኝ። ምጥሽን ደግሞ አንድ መርፌ ሊወስድብኝ ነው? ለእኔ ምን ሊቀረኝ?» የት ልግባ እትዬ የሺ። እኛ በሷ ስንቀና እሷ ደግሞ በመርፌ ስትቀና ከርማለች።

ደብዳቤሽን ሳነብላት ስለ ጭነት መኪናው ስትሰማ ማርያምን አመሰገነች። መርፌው ጋ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ደሙ ስነግራት ጭራሽ ተነሳች። «ማን ነበር ከኋላዋ?» አለችኝ። ማንም አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። የልጄ ክርስትና ገና ነው፣ ሰማንያዋን እንኳ ጠብቂ ብዬ ለመንኳት። «አንቺን አግኝቼሻለሁ፣ እሷን ነው ያጣኋት» አለችኝ። ሕፃን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዛብህ ነገ ያመጣታል፣ ይህንንም ደብዳቤ በእጇ ይዛ ትመጣለች። መልሰሽ ወሰድሻት፤ በርቺ፣ ቅናቱ አሁን የኔ ተራ ነው። ከደረሰች ምን እንዳደረገች ጻፊልኝ። አንድ ነገር እንዳትዘልዪ።

ዘነቡ

ዲላ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1965 ዓ.ም.

ዘነቡዬ፣

አንድ ነገር አልዘልም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ደርሳለች፣ ጉልበቷም ደህና ነው። ስትገባ እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ሕፃኑን አንስቼ ሰጠኋት፣ ተቀብላ ግንባሩን ሳመችውና ለሀጅራ አቀበለቻት። ሻንጣዋን እንኳ ከበሩ አላራቀችውም። አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና «የተወጋሽበትን አሳዪኝ» አለችኝ።

እማዬ፣ መርፌ እኮ ነው፣ ምልክት የለውም፣ ድሮ ጠፍቷል አልኳት። «አሳዪኝ» አለች። ሀጅራን ከነሕፃኑ ወደ ውጭ አስወጥቼ ቀሚሴን ገለጥኩላት። ሻንጣዋን ከፍታ ቅቤ አወጣች። ያ ከይርጋጨፌ ገዝታው የነበረው ቅቤ ነው፤ ላንቺ ይዛው ሄዳ ከፊሉን መልሳ አምጥታልኛለች። ያልነበረውን ቁስል ቀባችው። ቀብታም አልተነሳችም፣ መዳፏን እዚያው ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየች። «እዚህ ጋ እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ» ብላ ብቻ ነው የተናገረችው። በምጡ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩት። እሷም አላባበለችኝም፣ አብራኝ አለቀሰች።

ለክርስትናው ልጅሽን ይዘሽ ነይ። መንገዱ ደርቋል፣ እንግዲህ ሰበብ የለሽም። እማዬ በመካከላችን ትተኛለች። መደቡ ቁንጫ የለውም፣ እኔ ራሴ አጽድቼዋለሁ።

እማዬ ወገብሽን እንደያዘችሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አንብቤ አመመኝ፣ እውነቴን ነው። ግን አስቢበት፣ አንቺ ልታሳዪያት የምትችዪው መርፌ የወጋሽ ቦታ የለሽም። በዚህ እንኳ በልጬሻለሁ።

እህትሽ የሺሃረግ